ባትሪውን ልሥራው ወይስ ልግዛው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ማታ፣ በምዕራብ ዋሽንግተን ላይ ያ ሁላችንም የምናስታውሰው ነፋስ በተነሣ ጊዜ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሬንተን ኮረብታ ላይ ካለው ቤታችን ከሰነበተች አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ሳንባዋ ስለደከመ ሌሊት ሌሊት የምትተነፍሰው በኦክስጅን መሣሪያ እየታገዘች ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ ሄደ። ወዲያውም መሣሪያው ኃይል ሲቋረጥበት የሚያሰማውን ረዥም ጩኸት ለቀቀው። በቤቱ የነበረው መጠባበቂያ ሲሊንደር አንድ ብቻ ነው። ሌሊቱን በእሱ ገፋንና ሲነጋ፣ የወደቁ ዛፎችን እየዞርን፣ መብራት ያልጠፋበት ቱክዊላ ዘመድ ቤት አደረስናት። የእኛ መብራት የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነበር። እናቴ በመኪናው ውስጥ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች፣ «አገሬ ብሆን ይህ አይገርመኝም ነበር፤ እናንተም ጋ መብራት ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ።

በዚያ ሳምንት በአካባቢያችን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ በየቤታችን ከቡና ጋር የሚነሣው ጨዋታ አንድ ሆነ፦ ባትሪ። አንዱ ጎረቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ነጭ ሣጥን አይቶ መጥቷል፤ ሌላው ዋጋውን ጠይቆ ደንግጦ ተመልሷል። በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነው ጓደኛዬ ደግሞ «ለምን እንገዛለን? እንሥራው እንጂ» አለ። ይህ ጽሑፍ ከእሱ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር ውጤት ነው። ክርክሩን ያሸነፍኩ አይመስለኝም፤ ግን ክርክሩ ስለ ባትሪ ብቻ እንዳልነበረ ውሎ አድሮ ገብቶኛል።

የጓደኛዬ ሒሳብ ቀላልና ማራኪ ነው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል እያንዳንዱ 3.2 ቮልት፣ 280 አምፒር-ሰዓት ይይዛል። 16 ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 51.2 ቮልት ይሆናሉ፤ የሚይዙት ኃይልም ወደ 14.3 ኪሎዋት-ሰዓት ይደርሳል። ሴሎቹን ከነማጓጓዣቸው ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ታገኛቸዋለህ። ሴሎቹን የሚጠብቀውን የቁጥጥር ሰሌዳ፣ ኢንቨርተሩን፣ ሽቦውን፣ ፊውዙንና ሣጥኑን ጨምረህ ከአምስት እስከ ስድስት ሺህ ዶላር ባለው ትጨርሳለህ። በአንጻሩ 13.5 ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዘው ቴስላ ፓወርዎል 3 ተገጥሞ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ከ13,000 እስከ 17,000 ዶላር ይጠየቅበታል። «በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማን ኪስ ይገባል?» ይላል ጓደኛዬ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ የተሳሳተ ተስፋ ከመንገዳችን ላይ ማንሣት ያስፈልጋል።

ተስፋው «ባትሪው ራሱን ይከፍላል» የሚለው ነው። ይህ አባባል በካሊፎርኒያ እውነትነት አለው። በዚያ ለአንድ ኪሎዋት-ሰዓት ከ30 ሳንቲም በላይ የሚከፍል ቤተሰብ ብዙ ነው። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ አዲስ ሶላር የሚያስገባ ሰው ቀን ያመረተውን ወደ መስመሩ ሲልክ የሚከፈለው ማታ ሲገዛ ከሚከፍለው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ የራሱን ኃይል አስቀምጦ ማታ መጠቀሙ ያዋጣዋል። ሲያትል ግን ሌላ አገር ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ፣ ከሴዳር ፎልስ አንሥቶ እስከ ስካጊት ወንዝ ግድቦች ድረስ፣ የራሷን የውኃ ኃይል ስታመነጭ የኖረች ናት። የሲያትል ሲቲ ላይት ዋጋ ዛሬም የካሊፎርኒያን ግማሽ አይሞላም። ሶላር ያለውም ሰው ወደ መስመሩ የላከው ከወሰደው ጋር በእኩል ዋጋ ይቻቻልለታል። በሌላ አነጋገር መስመሩ ራሱ ነጻ ባትሪ ሆኖ ያገለግለዋል።

እስቲ እጅግ ለባትሪው አድልተን እናስላው። በርካሹና በውዱ ሰዓት መካከል 10 ሳንቲም ልዩነት አለ ብለን እናስብ፤ ባትሪውም በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይሞላ፣ ሙሉ በሙሉም ይራገፍ። በ13.5 ኪሎዋት-ሰዓት የቀኑ ትርፍ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነው፤ የዓመቱ ወደ 490 ዶላር። አሥራ አራት ሺህ ዶላር የወጣበት ባትሪ ወጪውን የሚመልሰው በ28 ዓመት ይሆናል፤ የአምራቹ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ነው። የጓደኛዬ የአምስት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ሣጥን እንኳ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ በዚህ አገር በዚህ ከተማ ባትሪ እንደ ቤት ወይም እንደ አክሲዮን የሚያተርፍ ንብረት አይደለም። መድን ነው። መድን መሆኑን ካመንን ደግሞ ጥያቄው «ምን ያህል ያተርፋል?» መሆኑ ይቀርና «ከምን ያድነኛል? ለስንት ሰዓት?» ወደሚለው ይዞራል።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችን ግምት ይሳሳታል። ማቀዝቀዣ በቀን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎዋት-ሰዓት ይበቃዋል። የኢንተርኔት መሣሪያው፣ ስልኮቹና ጥቂት አምፖሎች ተደምረው ግማሽ ኪሎዋት-ሰዓት አይሞሉም። የእናቴ መሣሪያ 350 ዋት ያህል ይስባል፤ ለአሥር ሰዓት ሌሊት ሦስት ተኩል ኪሎዋት-ሰዓት ማለት ነው። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ያለው ሰው የአየር ማራገቢያውን ለማዞር በቀን ሦስት ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይመድብ። ድምሩ ከስምንት ተኩል አይርቅም። አሥር ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንግዲህ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያሻግራል፤ ሦስት ቀን ግን አያሻግርም። ጣሪያዬ ላይ ሶላር አለኝ የሚል ሰውም በኖቬምበር ደመና ሥር ብዙ ተስፋ አያድርግ፤ የእኛ ክረምት ፀሐይ በቀን የአንድ ሰዓት ሙሉ ብርሃን ያህል እንኳ ሳትሰጥ የምትውልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምጣድስ? ይህን ጥያቄ ከእኛ በቀር ማንም ሻጭ አይጠይቀውም፤ ለእኛ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በአገር ቤት የለመድነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይስባል፤ እዚህ የምንጠቀምበት በተራ ሶኬት የሚሠራው ደግሞ አንድ ኪሎዋት ተኩል ገደማ። ባትሪ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉት፦ የሚይዘው መጠንና በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት። ጋን ሙሉ ጠላ ቢኖርህም የምትቀዳው በጣሳ ከሆነ፣ እንግዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠጡም። አነስተኛ ተንቀሳቃሽ ባትሪ የገዛ ሰው ምጣዱን ሲሰካው የሚጠፋበት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሰዓት የፈጀ ጋገራ ደግሞ እስከ ሦስት ኪሎዋት-ሰዓት፣ የእናቴን አንድ ሌሊት ለማለት ጥቂት የጎደለው ኃይል ይወስዳል። በእኛ ቤት ውሳኔው ተወስኗል፤ መብራት ሲጠፋ እንጀራ አይጋገርም።

ቀልድ የማይሆነው ጉዳይ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በዚሁ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችንና ድርጅቶችን ያጨለመ ነፋስ ነፍሶ ነበር። ከነፋሱ ቀጥሎ የመጣው ግን የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው። በርካታ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ የሞቱም ነበሩ፤ በቤት ውስጥ ከሰል ካቀጣጠሉት መካከል እጅግ የበዙት ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የሲያትል ታይምስ ጋዜጣ «ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በፊት ገጹ ላይ በበርካታ ቋንቋዎች አትሞ ለማውጣት ተገደደ። እኛ ስለዚህ ነገር ከማንም በላይ ልናስብ ይገባናል። የእኛ ሰው ለከሰል ባዕድ አይደለም፤ ልጅነቱን ሙሉ ጀበናው ከምድጃው አጠገብ ነበር። ነገር ግን የአገር ቤቱ ጭቃ ቤት በጣሪያውም በበሩም ይተነፍሳል፤ እዚህ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የታሸገው አፓርትመንት አይተነፍስም። ስለ ባትሪ ለማሰብ አቅም የሌለው ቤተሰብ እንኳ ከሁሉ አስቀድሞ ሊኖረው የሚገባው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ቡና ብዙ አይርቅም።

ወደ ጓደኛዬ ሣጥን እንመለስ። ሴሎቹን አዝዞ በሁለት ወር አስመጣቸው። እኔም እሑድ እሑድ እየሄድኩ ረዳሁት። በሐቀኝነት ለመናገር ሥራው ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ሥራው ውስጥ የማይታየው ነገር ነው። የመዳብ ማያያዣው አንዱ ብሎን በልኩ ካልጠበቀ ውሎ አድሮ ይሞቃል። ሴሎቹ ሾርት ቢያደርጉ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚለቁ ተራ ፊውዝ አያቆማቸውም፤ ለዚሁ የተሠራ ልዩ ፊውዝ ያስፈልጋል። ይህ የሴል ዓይነት በስልክና በብዙ መኪኖች ውስጥ ካለው ይልቅ ለእሳት የራቀ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከዜሮ ዲግሪ በታች ከተሞላ ውስጡ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። በሥራው ጥራት ከፋብሪካ የመጣውን አያስከነዳም ብዬ አልከራከርም።

ጉዳዩ የተበላሸው የቤት ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ፣ በትሕትና፣ «ጋራዤ ውስጥ ባትሪ ላስቀምጥ ነው» ያለ ዕለት ነው። ስልኩን ያነሣችው ሴት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ «ዩኤል 9540 የሚል ምልክት አለው?» የለውም። ሊኖረውም አይችልም፤ ምክንያቱም ይህ ምልክት ለሴሉ ወይም ለባለሙያው የሚሰጥ ሳይሆን፣ ባትሪውና ኢንቨርተሩ አንድ ሥርዓት ሆነው በላቦራቶሪ ከተፈተኑ በኋላ የሚሰጥ ነው። የሕንፃ ኮዱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኮዱ ባትሪ መኝታ ክፍል ውስጥ እንዳይቀመጥ ይከለክላል፤ የአንዱን አሃድ መጠን በ20 ኪሎዋት-ሰዓት ይገድባል፤ በአሃዶች መካከል ሦስት ጫማ ርቀት ይጠይቃል፤ መኪና ሊገጨው በሚችልበት ቦታ ከሆነም መከላከያ እንዲደረግለት ያዛል። የዋሽንግተን ሕግ የቤቱ ባለቤት፣ ራሱ የሚኖርበት ቤት እስከሆነ ድረስ፣ ፈቃድ አውጥቶ የኤሌክትሪክ ሥራውን በገዛ እጁ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው፤ «ሕጉ ፈቅዷል» ይላል። ሕጉ የፈቀደው ሽቦውን መዘርጋት ነው፤ ያልተፈተነ ሥርዓት መሰካትን አይደለም።

ጓደኛዬ ተቆጣ። ቁጣውም ምክንያት አልባ አልነበረም። «ምልክት ያለውስ አይቃጠልም?» አለ። «በ2021 ኤልጂ ስንት የቤት ባትሪ ነው መልሶ የሰበሰበው?» እውነቱን ነው፤ ኤልጂ በዚያ ዓመት ሊቃጠሉ ይችላሉ በሚል ወደ 10,000 የሚጠጉ የቤት ባትሪዎችን በአሜሪካ መልሶ ጠርቷል። እኔ ግን ያን ዕለት መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ከጥያቄው ውስጥ ነው። እነዚያን ባትሪዎች የሚጠራ አካል ነበረ። በየቤቱ ያለው መለያ ቁጥር ተመዝግቧል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ኩባንያው በራሱ ወጪ ባትሪውን እንዲቀይር ግዴታ ገብቷል። የእኛ አሥራ ስድስት ሴሎች የመጡበት ፋብሪካ ነገ ስሕተት ቢያገኝ ማንን ይጠራል? የጓደኛዬን ጋራዥ አድራሻ ማን ያውቀዋል?

«ልዩነቱ የማን ኪስ ይገባል?» ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ በከፊል እዚህ ነው። ከፊሉ፣ ለመናገር የማልሳሳው፣ የሻጭና የአሻሻጭ ትርፍ ነው። በዚህ አገር አንድን ባትሪ ለመሸጥ የሚወጣው የማስታወቂያና የኮሚሽን ገንዘብ ከልክ ያለፈ ነው፤ በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ዕቃ በረከሰ ዋጋ ይተከላል። የቀረው ግን የተጠያቂነት ዋጋ ነው። ሲያትል ውስጥ ባትሪ የሚገዛ ሰው ከሴሉ ይልቅ የሚገዛው ከሴሉ በስተጀርባ የተሰለፉትን ነው፦ የፈተነውን ላቦራቶሪ፣ ፈርሞ ያለፈውን ኢንስፔክተር፣ «እከፍላለሁ» ያለውን ኢንሹራንስ፣ ለአሥር ዓመት ስሙን ያስያዘውን አምራች። ራሱ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም። ገንዘቡን ያተርፋል፤ ኃላፊነቱን ግን ጠቅልሎ ይወስዳል። ኃላፊነቱ ደግሞ በእሱ ላይ ብቻ አያርፍም። ማቀያየሪያው በትክክል ያልተገጠመ ቤት ጨለማ ውስጥ ሆኖ ወደ መንገዱ መስመር ኃይል ሲልክ፣ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ የሞተ መስመር የነካ መስሎት ሕይወት ያለውን ይነካል።

እንግዲህ እኔ ምን አደረግሁ? ከሁለቱ ጫፎች መካከል ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። እያንዳንዳቸው 5.12 ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዙ፣ በመደርደሪያ ላይ የሚደረደሩ ባትሪዎች አሉ፤ ከነሱ መካከል ከተወሰኑ ኢንቨርተሮች ጋር አንድ ላይ ተፈትነው ምልክቱን ያገኙ ይገኛሉ። ሁለቱን ከነኢንቨርተራቸው ገዛሁ፤ ፈቃዱን አወጣሁ፤ መደርደሪያውን፣ ቱቦውንና የሽቦውን ዝርጋታ እኔና ጓደኛዬ ሠራነው፤ ከቤቱ ዋና ሳጥን ጋር የሚገናኘውን ክፍል ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሰጠን። ኢንስፔክተሩ በመጀመሪያው ጉብኝቱ ሁለት ጉድለት አግኝቶ መለሰን። አንዱ ጓደኛዬ «ይህስ እንከን የለውም» ያለው የመሬት ሽቦ ነበር። ሁሉም ተደምሮ ከ8,000 ዶላር በጥቂቱ ያነሰ ወጣብኝ። የተገናኙት አስፈላጊዎቹ ብቻ ናቸው፦ የእናቴ ክፍል፣ ማቀዝቀዣው፣ የማሞቂያው ማራገቢያ፣ ኢንተርኔቱና ሳሎኑ። በጓደኛዬ የተሠራው ሣጥን ከቤት ተነጥሎ በሚገኘው ዎርክሾፑ ውስጥ፣ ከየትኛውም የቤት መስመር ጋር ሳይገናኝ፣ መጋዙንና ሬዲዮውን ያሠራል። ለመማሪያነት ከፍሎ ያላነሰ ጥቅም አግኝቶበታል።

እኔ ግን በሩ ሳይዘጋ ከገቡት አንዱ ነኝ። የፌዴራሉ መንግሥት ለቤት ባትሪ ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የግብር ቅናሽ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ቀርቷል። የእኔ ሥራ ያለቀው በዚያው ዓመት መጸው ላይ ስለሆነ ተርፌያለሁ። ዘንድሮ ተመሳሳይ ውሳኔ የሚወስን ሰው ሙሉውን ይከፍላል። በዚህ የሚያዝኑትን ብዙ ሰምቻለሁ፤ እኔም አዝናለሁ፤ ነገር ግን ያ ቅናሽ እንዴት ያለ ቅናሽ እንደነበረ መናገርም ተገቢ ነው። ካለብህ የገቢ ግብር ላይ የሚቀነስ እንጂ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ጥሩ ደመወዝና የራሱ ጋራዥ ያለው እንደ እኔ ያለው ሰው አገኘው። ኬንት በሚገኝ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ የሌላቸው እናት አላገኙትም፤ ቢያገኙትም ባትሪውን የሚሰቅሉበት ግድግዳ የእሳቸው አይደለም። በ2006 ከሰል ያቀጣጠሉት በብዛት እነማን እንደነበሩ ለሚያስታውስ ሰው፣ ድጎማው የሄደው አደጋው ወደሌለበት አቅጣጫ ነው።

«ልሥራው ወይስ ልግዛው?» የሚለው ጥያቄ ጉድለቱ ይህ ነው፤ በሁለቱም ቃል ውስጥ ያለው «እኔ» ነው። እኛ ደግሞ ይህን ጉድለት የምናሟላበት የኖረ ልምድ አለን። በአገር ቤት ማንም ሰው ለገዛ ቤቱ ብቻ የልቅሶ ድንኳን አይገዛም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ድስት የዕድሩ ነው፤ መዝገብ አለው፣ ጠባቂ አለው፣ የሰበረም ይተካል። መብራት መጥፋት ከልቅሶ በምን ይለያል? ባልታሰበ ሰዓት ይመጣል፣ ሁሉን በአንድ ቀን አይነካም፣ ለብቻ ለሚችለው ሰው ደግሞ ከባድ ነው። በሲያትልና በአካባቢዋ ያሉት ዕድሮቻችንና የአብያተ እምነት ማኅበሮቻችን ምልክት ያላቸው፣ በጎማ የሚጎተቱ፣ ሁለት ሦስት ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዙ ባትሪዎችን ገዝተው በመዝገብ ቢያስቀምጡና በመሣሪያ የሚተነፍሱ፣ ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጡ አባሎቻቸውን ስም ዝርዝር ቢይዙ፣ ለዚህ ምንም የግንባታ ፈቃድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስልክ የሚያነሣ አንድ ሰው ነው።

ከፍ ያለውን ደረጃ ካሰብን ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በካፒቶል ሂል የሚገኘው ሚለር ኮሚዩኒቲ ሴንተር ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ከጎኑም ባትሪ ተተክሎለታል፤ ሠፈሩ ሲጨልም ሰዎች የሚሰባሰቡበት ብርሃን ያለው ቦታ እንዲሆን ሲቲ ላይት ከግዛቱ የንጹሕ ኃይል ገንዘብ ጋር አጣምሮ የሠራው ነው። በሬኒየር አቬኑ ደቡብ ደግሞ የእኛው ማኅበረሰብ ማእከልና አረጋውያን የሚኖሩበት የኢትዮጵያ መንደር አለ። የማኅበረሰቡን ጉባኤ የምትካፈሉ አንባቢዎች ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ እንድታነሡ እጠይቃለሁ፦ መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ የሕንፃው የትኛው ክፍል ይበራል? አሳንሰሩስ? መልሱ ካለ ለአባላት ሁሉ ይነገር። ከሌለም የከተማው ምክር ቤት አባላት የሚሰሙት ቁጥርና ስም ይዞ የመጣን ማኅበር ነው፤ እኛም ሁለቱም አለን። በግል ጋራዦቻችን ስንት ሺህ ዶላር እንዳፈሰስን ሳስብ፣ ይህ ለምን በመጀመሪያ እንዳልታሰበን እኔ ራሴ ማብራሪያ የለኝም።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላበቃ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል «ከነዚህ አንዱን ለወንድምህ ይዤለት ልሂድ?» አለችኝ። አይሆንም። በመንገደኞች አውሮፕላን ተሳፋሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞ የሚገባው የሊቲየም ባትሪ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ አየር መንገዱ ሲፈቅድ 160 ድረስ። ከእኔ ሁለት ባትሪዎች አንዱ የዚህን ሠላሳ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በመርከብ ቢላክም የእዚህ ኢንቨርተር የሚያወጣው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የአዲስ አበባው ቤት የሚጠብቀው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ለዘመድ ዕቃ ለመላክ የምትጣደፉ ይህን አስቀድማችሁ እወቁት።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ወንድሜ የሚኖረው አያት አካባቢ ነው። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ተጨምሯል፤ ሆኖም ወንድሜ ቤት መብራት ሲሄድ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የውኃ ማነስ ሳይሆን የሠፈሩ ትራንስፎርመርና ያረጀው የማከፋፈያ መስመር ነው። ግድብ የአገርን ጥም ያረካል፤ የአንድ ሠፈርን ሽቦ አይቀይርም። ወንድሜ ታዲያ «ፋብሪካ የሠራውን የታወቀ ስም ያለውን ልግዛ ወይስ ሠፈራችን ያለ ልጅ ይገጣጥምልኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሲያትል አንድ ዓመት ሙሉ ስከራከርበት የኖርኩትን መልስ ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

እዚህ «ግዛ» ያልኩት ከዕቃው በስተጀርባ የተሰለፉትን አይቼ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያ ሰልፍ የለም፤ ወይም ገና ሙሉ አልሆነም። የአሥር ዓመት ዋስትና የተጻፈበት ወረቀት የሚጠይቅበት ቢሮ ከሌለ ወረቀት ነው። ታሽጎ የመጣው ሣጥን ሲበላሽ የሚከፍተው የለም፤ የመለዋወጫው ዋጋም በውጭ ምንዛሬ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬውን ገበያ ከለቀቀው ወዲህ ያ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። በአንጻሩ በ48 ቮልት ልክ የተሠሩ፣ ማንም ጎበዝ ባለሙያ ከፍቶ ሊያያቸው የሚችሉ፣ አንዱ ሲበላሽ አንዱ የሚተካባቸው ክፍሎች እዚያ የተሻለ ዋስትና ናቸው። ከመኪና ባትሪ የተሠራውን የድሮውን ዓይነት ግን እንዳይገዛ ነገርኩት፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች በተራገፈ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ርካሽ መስሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ፊውዙንና የመሬት ሽቦውን በሚመለከት ከሲያትሉ ኢንስፔክተር የተማርኩትን በሥዕል አድርጌ ላክሁለት። ፈራሚ ኢንስፔክተር በሌለበት ያ ሥዕል የግድ ነው።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «ታዲያ ዞረህ ወደ እኔ መጣህ» አለኝ። አልመጣሁም ብዬ ለመከራከር ሞክሬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።

ወንድሜ በመጨረሻ የመረጠው ከቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሱቅ ያለውን ልጅ ነው። ዋጋው ከሌላው ጥቂት ይበልጥ ነበር። ለምን መረጥከው ብለው፣ ከመግዛቱ በፊት ልጁ የሠራላቸውን አራት ቤቶች ዞሮ አንድ ነገር ብቻ እንደጠየቃቸው ነገረኝ፦ ሲበላሽ ስትደውሉለት ያነሣል? አራቱም ያነሣል አሉት። ከገጠመለት አምስተኛ ወሩ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ቀን መጥቷል።